ሠላሳ ጠብታ በሁመር ጭማቂ

ረቡዕ፣ ጁላይ 3

ለዘመድ ወዳጅ በሙሉ በጥልቅ ሐዘን የምናስታውቀው፦ የእህቴ የሆስናቱን ቀጭን አንገት ባደረበት እብጠት ምክንያት በተወለደ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ዛሬ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟቹ አንድ የወርቅ ሐብል፣ አንድ ባልና አንዲት ታናሽ እህት ተሸክሞ የኖረ ታታሪ አንገት ነበር። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት በሻሿ ሥር ተፈጽሟል።

ይህን ቁርስ ላይ እንደ ሬዲዮ ሰውዬ ድምፄን አጎርንኜ አነበብኩት። እትዬ ሆስና ትን እስኪላት ሳቀች፤ ሩዙ በአፍንጫዋ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ጨው ሠሪው ባሏ ጋሼ ምስናዲን አልሳቀም። እሱ የሚስቀው ጨው ሲነጣ ብቻ ነው። አማቷ እማማ ሳህሪያ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ፊት ሞት የሚጠራ ሰው ምላሱ ይታጠብ አሉ። ልክ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ የመጀመሪያውን ልጅ በአምስተኛው ወር አጥታዋለች። ይህን ሳስታውስ ለአንድ ሰዓት ያህል ጨዋ ሆንኩ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እሷ ናት። ሰው ከምታስለቅሺ ወረቀት አስለቅሺ ብላ። ስሜ ማርዊያ ነው፤ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ። ትምህርት ቤትና እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ተስማምተን ተለያየን፤ የትምህርት ቤቱ ስምምነት ትንሽ ጮክ ያለ ነበር። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ እትዬ ናት፤ ስታገባም እንደ ምንጣፍ ጠቅልላ ይዛኝ መጣች።

አንገቷ ግን እውነት አብጧል። ከጉሮሮዋ በታች፣ የዋርካ ፍሬ የሚያህል። ሲነኩት አያማትም። ስትውጥ አብሯት ይወጣል፣ ይወርዳል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 9

ወደ ጨው ሠሪዎች ማኅበራችን መጋዘን የጤና ሰው መጣ። የእኔ ሥራ እዚያ ነው፦ ጨው ሲዘረገፍ አዮዲን የሚሉትን መድኃኒት በመርጫ እረጭበታለሁ፣ ሌሎች በአካፋ ያገላብጡታል፣ ከዚያ ይታሸግና ለሩቅ ሰው ይሸጣል።

ሰውዬው ከረጨነው ጨው ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረገ። ጨዉ ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። ሁሉም አጨበጨበ። ቀጥሎ ቤታችሁ የምትበሉትን አምጡ አለ። እኛ የምንበላው ከየጨው ኩሬያችን የዘገንነውን ነው። የተረጨው የሰው ነው፤ የራስ ጨው እያለ ጨው የሚገዛ ሰው በመንደራችን የለም፣ ካለም በሌሊት ነው የሚገዛው።

ከምሳ ዕቃዬ ቆንጥሬ ሰጠሁት። ጠብታውን ጣለ። ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ ሥዕል ዘረጋ። እንቅርት ያለባት ሴት፣ አጠገቧም አፉን የከፈተ ልጅ። አዮዲን ያጣች እናት እንዲህ ትሆናለች፣ ልጇም አእምሮው ይዘገያል አለ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሐጂ ሙስታኪም፣ አያቴ ይህንኑ ጨው በልቶ ዘጠና ዓመት ኖሯል፣ አእምሮውም ሚስቱን ለመሸወድ በቂ ነበር ሲሉ ሰው ሁሉ አውካካ። እኔም አውካካሁ። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት አንገት ግን የእትዬ ነው። ቁጭ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10

ቸኩያለሁ። ለጋሼ ምስናዲን ልነግረው ነበር፤ ተውኩት። አንድ ነጋዴ ጨውህ አመድማ ነው ስላለው ሦስት ወቅት ሙሉ ሰላምታ የነሳ ሰው ነው። ኩሬው የአባቱ አባት ኩሬ ነው። ጨውህ የሚስትህን አንገት አሳበጠ ቢባል እንዴት ይሆናል።

ጠርሙስ አገኘሁ። የሳል ሽሮፕ የነበረ። አጠብኩት። ሁለት ጊዜ።

ከመጋዘኑ የአዮዲን ጀሪካን ሞላሁት። ጀሪካኑ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ደቃቅ ጽሑፍ መነጽር ላላቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

አሥር ጠብታ በአንድ ብርጭቆ የሁመር ጭማቂ፣ ስኳር ብዙ። ሁመር ኮምጣጣ ስለሆነ ሁሉን ይሸፍናል ብዬ ነው። አልሸፈነም መሰለኝ፤ አንዴ ጎንጨት አለችና ቆመች።

“ምን ጨምረሽበታል?”

“ምንም።”

“ማርዊያ።”

“በእናታችን ሞት።”

በእናታችን ቀልጄ አላውቅም። እሷም ታውቃለች። ዓይኔን ትንሽ አየችና እስከ አተላው ጠጣችው።

አሥር ጠብታ፣ አንድ ውሸት። ለልጁ ነው። ልጁ ሲያድግ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣና እኔ ነኝ ያደረግኩህ እለዋለሁ።

እሑድ፣ ጁላይ 28

መድኃኒቱ ሠርቷል። እትዬ እንደ ወታደር ትበላለች፤ ከተፈጨ በቆሎ ጋር የተቀቀለ ሩዝ ሦስት ሳህን፣ ደረቅ ዓሣ፣ በላዩ የእኔን ድርሻ። ቤቱን ቀን ሁለቴ ትጠርጋለች። እማማ ሳህሪያ ምራቴን ማን ለወጠብኝ ይላሉ። እኔ ነኝ ማለት አማረኝ። ምላሴን ነከስኩ፤ ለእኔ ምላስ ይህ አዲስ ሥራ ነው።

አንገቷ አልቀነሰም። ገና ሁለት ሳምንት ነው።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

ነፋሱ ዛሬ አብዷል። ከባሕሩ ቦይ ወደ ኩሬው ውኃ የሚስበው የነፋስ መዘውራችን ሊበር ደረሰ። ክንፎቹ አይታዩም፣ ጩኸት ብቻ። ለጋሼ ምስናዲን ዛሬ ኩሬው በአንድ ቀን ሞላልህ፣ ተኛ አልኩት። እንደ ሞኝ አየኝና ወደ ቧንቧው ጠቆመኝ። የሚወጣው አረፋ ነበር። መዘውሩ ሲፈጥን ቧንቧው ውኃ ሳይሞላ መልሶ ይገፋል፤ ድካም ብቻ፣ ውኃ የለም። በገመድ ክንፎቹን አስሮ ሲያዘገየው ውኃው እንደ ቀድሞው መጣ።

እትዬ ምሳ አመጣችልን። ከቤት እስከ ኩሬው ሁለት ጊዜ ተቀምጣ አረፈች። ድሮ እኔን አዝላ የምትሮጥበት መንገድ ነው። ሆድሽ ከበደሽ አልኳት። ገና ሆድ የላትም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15

እጇ ይንቀጠቀጣል። የሻይ ብርጭቆ ሰበረች፣ ነገ ሌላ ትሰብራለች። ማታ እሷን መስዬ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዤ እየተንቀጠቀጥኩ ገባሁ፤ ብርጭቆዎቹ እንደ ቃጭል ተንጫጩ። እማማ ሳህሪያ ሳይቀሩ በሳቅ ፈነዱ። እትዬም ሳቀች፣ መጨረሻ ላይ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እንስራው ሙሉ ነበር።

ድካሙም መንቀጥቀጡም የአዮዲን ማነስ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። በቀን ሃያ ጠብታ አደረግኩት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 27

አዋላጇ ሲስተር ዊዲያ ዘንድ ሄድን። ግፊቷን ለካች፣ ሆዷን ለካች፣ እጇን ያዘችና ሰዓቷን አየች። ልቧ በደቂቃ መቶ አሥራ ሁለት። እርግዝና ልብን ያፈጥናል፣ ሙቀትም አለ፣ ግን ክብደቷ ለምን አልጨመረም አለች። የምትወስጂው ነገር አለ ወይ ስትላት ከዚህ የሰጣችሁኝ ክኒን በቀር የለም ብላ መለሰች። እውነቷን ነው፤ ስለማታውቅ።

እኔ በሩ ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል አነብ ነበር። በጣም ጥሩ ሥዕል ነው።

ሻሿን ሲስተር ዊዲያ አላስወለቀቻትም። እትዬም አንገቴን እዪልኝ አላለችም፤ ታፍራለች። የጨው ሠሪ ሚስት ናት።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ ተባለች። በሚቀጥለው ሳምንት የጨው መሰብሰቢያ ነው፤ የምንሄድ አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

የጉድጓድ ዳር ሴቶች ፍርድ እንዲህ ነው፦ የከሳችው የሰው ዓይን አርፎባት ነው። የምትቆጣው ወንድ ስላረገዘች ነው። ልቧ የሚመታው ልጁ ሆዷ ውስጥ እየሮጠ ነው። ዓይኗ የፈጠጠው ደግሞ እኔ ስለማስደነግጣት ነው። በመጨረሻው ላይ ሁሉም ተስማሙ።

ዓይኗ እውነት ተልቋል። ሌላው ሰው ጥላ ሲፈልግ እሷ ላቧ ይንጠፈጠፋል። በዚያ ላይ እግሯ ማበጥ ጀመረ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ትናንት የእማማ ሳህሪያን ሁለት ነጠላ ጫማዎች እርስ በርስ አስሬ ጠብቄ ነበር። ሲደናቀፉ እትዬ እንድትስቅ። አየቻቸው፣ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ ትንፋሽ አጠራት። ክሩን ራሴ ፈታሁት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 20

ጋሼ ምስናዲን ውኃ ሊያዞር ኩሬ አድሯል፤ እትዬ አጠገብ የተኛሁት እኔ ነኝ። ተኛሁ ልበል እንጂ። እሷ ጋደም ስትል እንደሚሰጥም ሰው ትነሣለች። ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። ልጅ ሆኜ ነጎድጓድ ሲያስፈራኝ አደርግ እንደነበረው ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግኩ።

ልቧ እንደዚያ ጊዜ አይደለም። ያኔ ዱብ ይልና ያርፋል፣ ዱብ ይልና ያርፋል፤ እኔም በመሃሉ እተኛ ነበር። አሁን ማረፊያ የለውም። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፤ አንድ መቶ ሃያ ስምንት። ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ቆጠራ ነው ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። አንድ መቶ ሠላሳ አንድ።

ምን ሰማሽ አለችኝ። ልጅሽ ከበሮ ይማራል አልኳት። ጭንቅላቴን ዳበሰችው፤ እጇ እዚያም ላይ ይንቀጠቀጣል። ይህኛው ቢተርፍ ስሙን አንቺ ታወጪለታለሽ፣ ብቻ የቀልድ ስም አይሁን አለችኝ።

ቢተርፍ አለች። ሲወለድ አላለችም።

ካንቀላፋች በኋላ ብዙ አሰብኩ። ጠብታውን ከጀመርኩ ወዲህ ነው ወይ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እንደዚያ ማሰብ አቆምኩ። የጤና ሰውዬው አሳይቷል፣ ሥዕሉ አሳይቷል፣ ነጭ ሆኖ የቀረውን ጨው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ያልበቃት ነው። ከነገ ሠላሳ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ነገ የሰባተኛው ወር መታጠቢያ ነው። የዘመድ ሴቶች ሁሉ ተራ በተራ የአበባ ውኃ ያፈሱባታል፣ ከዚያ እንቁላል ትረግጣለች። ከተሰበረ ምጧ ይቀላል። እማማ ሳህሪያ እንቁላሉን ራሳቸው መረጡ፤ እኔ የቀቀልኩት እንዳይሆን ብለው ነው።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ከዓሣ ጀልባ ሁለት ብሎክ በረዶ ለምኛለሁ። ለሚሞቃት ሰው ደግነት ነው። ደግሞ ፊቷን ማየት አለብኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3

የምጽፈው መኪናው እስኪመጣ ነው።

በረዶውን ጋኑ ውስጥ ከአበባው ሥር ደበቅኩት። ሻሿን አወለቁላት፣ አግዳሚ ላይ አቆሟት። የመጀመሪያው ቅል ሲፈስባት ዘለለች፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔን አዩኝ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። በአራተኛው አፏን ከፈተች፣ አየር አልገባም። ከንፈሯ ጠቆረ። በገለባ እንደሚጠባ ሰው ትተነፍስ ጀመር። ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል አለች።

ሲስተር ዊዲያ እንግዳ ሆና ተጠርታ ነበር። ሮጣ መጣችና አንገቷን አየች። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሻሽ የሌለው አንገት። ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው አለች።

እማማ ሳህሪያ እጃቸውን ጋኑ ውስጥ ከተው በረዶውን አወጡ። ለሁሉም ሰው አሳዩ።

“ገደልሻት” አሉኝ። አልጮኹም።

አዎ በረዶው ነው አልኩ። እኔ ነኝ፣ በረዶው ነው። ደጋግሜ አልኩት። እንደዚህ ተመችቶኝ ጥፋት አምኜ አላውቅም።

እንቁላሉ እዚያው ነው። አልተሰበረም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

ድልድዩን ተሻግረን ሱራባያ ከተማ ገባን። ትልቅ ሆስፒታል። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ። ታውቀኛለች። መቶ አርባ ስምንት ይላል ማሽኑ፤ እኔ አልቆጠርኩም፣ ራሱ ነው የሚቆጥረው። ልጁ ይንቀሳቀሳል።

ጠርሙሱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለምን እንዳመጣሁት አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

ዶክተር ኒንግሩም ትባላለች፣ አጭር፣ ድምፅዋ የማይሰማ። የእትዬ ደረት ላይ መሣሪያ አድርጋ ልቧን በመሣሪያው መስኮት አሳየችን። ቁልቁል የያዙት ዶሮ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ይርገበገባል። ጋሼ ምስናዲን ልቧ ደክሟል ወይ ብሎ ጠየቀ። ዶክተሯ አይደለም፣ እንዲያውም ከአቅሙ በላይ ይሠራል አለች። ግን በጣም ስለሚፈጥን ደም ሳይሞላው ይዘጋል፤ የሚገፋው ጥቂት ነው፣ የቀረው ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። የነፍሰ ጡር ልብ ለሁለት ነው የሚሠራው፣ የእሷ ግን ለአራት እየሠራ ነው አለች።

ጋሼ ምስናዲንና እኔ ተያየን። ሁለታችንም የኦገስቱን መዘውር አየን። ማን ነው እንዲህ የሚያሮጠው ብሎ ጠየቃት። አንገቷ ውስጥ ያለው ዕጢ ይመስለኛል፣ ከልክ በላይ እየሠራ ነው፣ የደም ውጤቱ እስኪመጣ እንጠብቅ አለች። ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ለማየት ደግሞ በደም ሥሯ ቀለም ሰጥተን ነገ ፎቶ እናነሳታለን አለች።

ከዚያ ስለምትወስደው ነገር ጠየቀች። ዕፅ፣ ባሕላዊ መድኃኒት፣ ምንም ነገር። እማማ ሳህሪያ ዝንጅብልና እርድ ቆጠሩ። ሁሉም ተቆጥሮ ሲያልቅ ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

ሳል ያዘኝ ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሰው እያየኝ እውነተኛ ሳል ሳልኩ። አሥር ደቂቃ። የማይረባ ነገር ላይ እንዴት ጎበዝ ነኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ለጋሼ ምስናዲን ነገርኩት። የመኪና ማቆሚያው ጋ ሲጋራ ይዞ፣ ሳያቀጣጥል ተቀምጧል። የምረጨውን የጨው መድኃኒት ከጁላይ ጀምሮ በጭማቂ አድርጌ አጠጥቻታለሁ አልኩት።

“ማርዊያ” አለ፣ “ዛሬ እንኳ ተይኝ።”

እውነቴን ነው አልኩት። የሐጂ ሙስታኪም ላም በቁንጅና ውድድር አንደኛ ወጣች ብለሽ መንደሩን ሁሉ ያስወጣሽውም እውነትሽን ነው ብለሽ ነበር አለኝ። ያኔ በእናቴ አልማልኩም፣ አሁን ግን በእናቴ አልኩት። አልሰማኝም። ሲጋራውን ኪሱ ከተተና ሄደ።

ስለዚህ ወደማታውቀኝ ሰው ሄድኩ። ዶክተር ኒንግሩም ቆማ ኑድል ትበላ ነበር። ጠርሙሱን ሳህኗ አጠገብ አስቀመጥኩት። አሸተተችው። ምንድነው፣ ከየት፣ ስንት ጠብታ፣ ከመቼ እስከ መቼ ብቻ ጠየቀች። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። እስከ ሐሙስ ጠዋት። ሁሉን ጻፈችው። በሕይወቴ በመጀመሪያ ቃሌ ያመነችኝ ሰው እሷ ናት።

ኑድሏን ትታ ስልክ አነሣች። ፎቶው እንዲቀር አዘዘች። ልንሰጣት የነበረው ቀለም ውስጥም ያው አዮዲን ነው ያለው፤ በሌላ መንገድ እናያለን አለችኝ። እኔ ገደልኳት ወይ አልኳት። ለረጅም ጊዜ አዮዲን ያጣ ዕጢ ውስጥ የተኛ እብጠት ይኖራል፣ በአንድ ጊዜ ሲጠግብ ሊያብድ ይችላል፤ ሳይነኩትም የሚያብድ አለ፣ የእሷ የትኛው እንደሆነ ምሎ የሚነግርሽ ሐኪም የለም አለች።

“ዛሬ ግን ነግረሽኛል” አለች። “አሁን ቁጭ በይ፣ ልትወድቂ ነው።”

አሁን ዕጢውን የሚገታ ክኒን፣ ልቡን የሚያዘገይ ክኒን፣ ውኃውን የሚያወጣ መርፌ ጀምራለች። ክንፎቹን እያሰሩ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

መቶ አሥራ ስድስት። ለመተኛት ሁለት ትራስ ብቻ ይበቃታል። የሚያሰጋው ሌላ ነገር፦ የልጁም አንገት በመሣሪያው ሲታይ ወፈር ብሏል። የጠጣችውን ጠጥቷል።

ዶክተሯ ለቤተሰቡ ነገረች። እማማ ሳህሪያ ከአልጋው ወዲያ ማዶ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ስድብ ጠበቅኩ። በረዶው ብቻ ቢሆን ኖሮ አሉና የእትዬን ብርድ ልብስ አስተካከሉ። ጋሼ ምስናዲን አላናገረኝም። ከነጋዴው ሦስት ወቅት ጋር ሲወዳደር አራት ቀን ምንም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 19

ዘጠና ስምንት። ዛሬ ብቻችንን ነበርን። እትዬ ጋደም ብላ፣ እውነት ጋደም ብላ፣ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር። እጇ ጸጥ ብሏል። ይቅርታ ልለምናት ያሰብኩትን ንግግር ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀልድ ሆነብኝ።

“አውቄያለሁ” አለችኝ። “ከመጀመሪያው ቀን። ልብስሽን ሁሌ የማጥበው እኔ አይደለሁም? የመጋዘኑ ሽታ ነው፣ አፌ ላይ ብረት ብረት አለኝ።”

ታዲያ ለምን ጠጣሽው አልኳት።

“ስትሰጪኝ አልሳቅሽም” አለች። “አሥራ ሦስት ዓመት ሳሳድግሽ ሳትስቂ የሰጠሽኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።”

ጸጉሬን ጎትታ አሰረችው። ቋጠሮው አመመኝ። ደስ አለኝ፤ ጉልበት አላት ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ቤት ገብተናል። ክኒን ጠዋትና ማታ፤ የምሰጣት እኔ ነኝ፣ ሲስተር ዊዲያ ፊቴ ቆጥራ ትሰጠኛለች። ሻሽዋንም በየሳምንቱ ታስወልቃታለች።

ጋሼ ምስናዲን ትናንት አፉን ከፈተ። ራት ላይ ከራሱ ኩሬ የዘገነውን ጨው ሳህን ላይ አደረገ፣ ከጤና ሰውዬው የለመነውን መሞከሪያ ጠብታ አንዲት ጣል አደረገበት። ሁላችን አየን። ነጭ። ቆየ፣ ምናልባት ይዘገያል ብሎ። ነጭ። ከዚያ ተነሣና ከአልጋው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ የገዛው፣ የታሸገ ጨው አመጣ። ማኅበራችን ያሸገው፤ የረጨሁት እኔ ልሆን እችላለሁ።

“ለእሷ ሐኪሙ እስኪል አይሆንም” አለ። “ለእኛ ነው። ለመንደር እንዳትናገሪ።”

ለመንደር አልናገርም። ደብተር መንደር አይደለም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25

ምጥ። ከወሩ ቀድሞ። ዝናቡ አብሮ መጣ፤ ኩሬው ላይ የቀረው ጨው ሁሉ ሟሟ፣ ወቅቱ አለቀ። ጋሼ ምስናዲን ዞሮ እንኳ አላየውም። ድልድዩ ላይ መኪና ቆሟል። እጄን ይዛለች። ሰዓት አላየሁም፣ ግን ከእጇ ሥር እየቆጠርኩ ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 26

ሴት። ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም። አለቀሰች፤ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው። አንገቷ ላይ ባቄላ የሚያህል ነገር አለ። ከተረከዟ ደም ወሰዱ፤ ውጤቱ በሳምንት።

እትዬ ዘጠና ሁለት።

ስም አላወጣሁም። ውጤቱ ይምጣ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

ማረሚያ። ጁላይ 3 ቀን በሞት ተለየ ብለን ያስታወቅነው የወይዘሮ ሆስናቱን አንገት በሕይወት መኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ያዘናችሁ ሁሉ ዕንባችሁን መልሳችሁ እንድትወስዱ በትሕትና እንጠይቃለን። አንገቱ በመጠኑ ወፍሯል፤ ሐብሉ ግን ይገባል። ልቧ ሰማንያ አራት። በመሣሪያው ሲታይ ይሞላል፣ ይገፋል፣ ያርፋል። ክኒኑ ይቀጥላል፤ ሐኪሞቹ ዓመት ያህል ይሉናል። የሕፃኗ ደም ደህና ነው ተባለ፤ ባቄላው ምስር ሆኗል፣ እየጠፋ ነው። ስሟ ሃኒፋ ነው። ቀልድ የለበትም። እማማ ሳህሪያ ሦስት ጊዜ አገላብጠው ፈትሸውታል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አጠገብ ጋደም አልኩና ጆሮዬን ደረቷ ላይ አደረግኩ። ዱብ ይላል፣ ያርፋል። በመሃሉ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ገጽ ስላስጨረስኩ ይቅርታ። ሲታይ ነገሩ ትንሽ ነበር። ዛሬ በተራ ውኃ ሞከርኩት፦ ሠላሳ ጠብታ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማንኪያው ታች ላይ ተኝቶ አየሁት፤ ከቁም ነገር የማይቆጠር ነው። ደፋሁት፣ ማንኪያውንም አጠብኩት። ሁለት ጊዜ።